የቆረጥናት ቁርቁራ

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላሉ አባቶች። ይህን ምሳሌያዊ አነጋገር አንደኛ ደረጃ ሳለን ለአማርኛ ፈተና በቃላችን አጥንተነዋል፤ ፍቺውንም ጽፈን ሙሉ ነጥብ አግኝተንበታል። እውነተኛ ትርጉሙ የገባን ግን ባለፈው ዓመት ነው፤ ሀብሩ ወረዳ ለማስተማር ልምምድ ወጥተን፣ በገዛ እጃችን አንዲት ዛፍ ከቆረጥን በኋላ። ስለዚህ የተከበራችሁ መምህራንና እጩ መምህራን፣ ዛሬ በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ የምናቀርብላችሁ ጽሑፍ የሌላውን ጥፋት የሚያወግዝ ሳይሆን የራሳችንን የሚናዘዝ ነው። እኛ ስንል በአንድ ቤት ተከራይተን፣ ከአንድ ድስት እየበላን፣ በአንድ ትምህርት ቤት የተለማመድን አምስት እጩ መምህራን ማለታችን ነው።

ከወልድያ ወደ ደሴ የሚወስደውን አስፋልት ይዞ ለሚወርድ ሰው መጀመሪያ ሲሪንቃ ይገኛል፤ ሲሪንቃን አልፎ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ነች። በዚህ መንገድ የተጓዘ ሁሉ መርሳን የሚያስታውሳት በፍራፍሬዋ ነው። መኪናው ገና ሳይቆም ብርቱካን፣ ማንጎ፣ ፓፓዬና ሙዝ የያዙ ሻጮች መስኮቱን ይከቡታል። በቦይ ውኃ የሚለማው አትክልት ቦታ ከሩቅ ሲያዩት ዓይን ያሳርፋል። እኛም የደረስን ዕለት ያየነው ይህንኑ ነበር። በየማሳው መካከል፣ በየቦዩ ዳር፣ በየግቢው ጥግ እሾሁን አንጨፍርሮ የቆመውን ዛፍ ግን አላየነውም። አላየነውም ስንል ዓይናችን አላረፈበትም ማለታችን አይደለም፤ ከፍሬ ዛፍ አልቆጠርነውም ማለታችን ነው።

ዛፉ ቁርቁራ ነው። ከመካከላችን ቆላ ያደግነው ሁሉ እናውቀዋለን፤ ደጋ ያደጉት ሁለቱ ጓደኞቻችንም ቢሆኑ ገበያ ላይ በጣሳ ሲሰፈር አይተውታል። ፍሬው ከሽንብራ ከፍ ያለ ነው፤ ሲበስል ከቢጫ ወደ ቡናማ ያደላል። ሥጋው ስስ ነው፤ ውስጡ ያለው ፍሬ ግን እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነው። ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ ውኃ ስለሚፈልግ፣ ማሽላው በፀሐይ ሲጠወልግ እሱ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ቅጠሉን ፍየል ይበላዋል፤ ተወቅጦ ሲታሽ አረፋ ስለሚያወጣ ጠጉር ይታጠቡበታል፤ ሙስሊም ወገኖቻችን ሬሳ በሚያጥቡበት ውኃ ውስጥ ይጨምሩታል። እንጨቱ ጠንካራ፣ ከሰሉም ጥሩ ነው። አበባው ለንብ፣ ጥላው ለከብት፣ እሾሁ ለአጥር ይሆናል። እንግዲህ ሰው ሁሉ ለእሾሁና ለከሰሉ ይፈልገዋል፤ ፍሬውን ግን የእረኛና የሕፃን መብል ነው ብሎ ትቶታል።

ይህ ንቀት ከታሪኩ ጋር አይመጣጠንም። እ.ኤ.አ. በ1922 የተገኘው የግብፁ ፈርዖን የቱታንክሐሙን መቃብር ሲከፈት፣ ከወርቁ ጋር ለንጉሡ ስንቅ ተብሎ ከተቀመጠው ምግብ መካከል የዚሁ ዛፍ ፍሬ ነበረበት። ከ3,300 ዓመት በፊት ለንጉሥ ስንቅ የሆነ ፍሬ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1753 የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔ ለዛፉ ሳይንሳዊ ስም ሲሰጠው «የክርስቶስ እሾህ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ነው ያወጣለት፤ የእሾህ አክሊሉ የተጎነጎነው ከዚህ ዛፍ ነው የሚል ጥንታዊ ትውፊት አለና። ዓረቦች ሲድር ይሉታል፤ ይህም ስም በቅዱስ ቁርኣን ውስጥ ተጠቅሷል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በክብር የሚያነሣው ዛፍ እንዲህ ደጃችን ቆሞ ሳለ ነው እንግዲህ እኛ እሾህ ብቻ ነው ብለን ያለፍነው።

ወደ ነገሩ እንመለስ። የተመደብንበት ትምህርት ቤት በክረምቱ 40 የአቮካዶና የማንጎ ችግኞች ተክሎ ነበር። እኛ ኅዳር ላይ ስንደርስ «ፍየል ሊጨርሰው ነው» ሲባል ሰማንና ወኔያችን ተነሣ። «አጥር እናጥርለታለን» አልን። ማንም አላዘዘንም፤ ሐሳቡም ጉልበቱም የእኛው ነበር። እጩ መምህር መቼም አንድ ነገር ሠርቶ መታየት ይወዳል።

ከትምህርት ቤቱ ማዶ የአንዲት አሮጊት ግቢ አለ። በግቢው ጥግ፣ ከቦዩ አጠገብ፣ ሦስት ቁርቁራዎች ቆመዋል። ሁለቱ መካከለኛ ናቸው። ሦስተኛዋ ትልቅ ነች፤ ቅርንጫፏ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። አንድ የታኅሣሥ ጠዋት ቡና አፍልተው ሲጠጡ ደርሰን ጠየቅናቸው።

«እማማ፣ ለትምህርት ቤቱ አጥር ጥቂት እሾህ ይስጡን?»

«ለአስተማሪ እንቢ ይባላል እንዴ ልጆቼ? ከነዚህ ከሁለቱ ቁረጡ። ብቻ ትልቋን ተዉልኝ።»

«እሺ እማማ» አልን። ለምን ብለን ግን አልጠየቅንም። እሳቸው ወደ ገበያ ወጡ፤ እኛም ገጀራና ባላ ይዘን ሥራ ጀመርን። ከሁለቱ ዛፎች የተገኘው እሾህ አልበቃ አለ። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች፤ አጥሩ በአንድ ወገን ክፍት ሆኖ ቀረ። «ያው መልሶ ይበቅል የለ?» አለ ከመካከላችን አንዱ፣ ትልቋን እያየ። አራታችን ዝም አልን፤ ዝምታችንም ፈቃድ ሆነ። እስከ ግንዷ ድረስ መለመልናት። ማታ አጥሩ አምሮ ቆመ። ከፊቱ ተሰልፈን ፎቶግራፍ ተነሣን፤ ፎቶግራፉንም ከልምምድ ሪፖርታችን ጋር አያያዝነው። እማማ በነጋው አይተው ምንም አላሉንም። እኛም ዝም ማለታቸውን እንደ መስማማት ወሰድነው።

ጥር ላይ ለአራተኛ ክፍል ስለ ምግብ ስናስተምር ሰሌዳው ላይ ብርቱካንና ሎሚ ሥለን «ቫይታሚን ሲ የሚገኘው እንደነዚህ ካሉ ፍራፍሬዎች ነው» አልን። ትምህርትን ከአካባቢ ጋር ማያያዝ እንደሚገባ በማስተማር ሥነ ዘዴ ተምረናልና «በዚህ ሳምንት ፍራፍሬ የበላ እጁን ያውጣ» ብለን ጠየቅን። ከ58 ተማሪዎች የ6ቱ እጅ ብቻ ወጣ። በመርሳ፣ በፍራፍሬ አገር! ለካ ብርቱካኑ ለመኪና መንገደኛ የሚሸጥ እንጂ የልጆቹ መብል አልነበረም። ግራ ገብቶን ስንቆም ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ተነሣች።

«ቲቸር፣ ጥር ሲሆን እኛ የምንበላው ማር ቁርቁራን ነበር። ዘንድሮ የለችም። እናንተ ቆረጣችኋት።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጅቷ ልትከሰን ፈልጋ አይደለም፤ ተጠየቀች፣ መለሰች። እኛ ግን የያዝነው ጠመኔ ከበደን። በዕረፍት ሰዓት ልጆቹን ሰብስበን «ሌሎቹ ቁርቁራዎችስ አሉ አይደል እንዴ?» ብለን ብንጠይቅ ሳቁብን። ሌሎቹ ማር አይደሉማ! ስለዚህ ለሁሉም የቤት ሥራ ሰጠን፦ በየሰፈራችሁ ያሉትን የቁርቁራ ዓይነቶች ከወላጆቻችሁና ከአያቶቻችሁ ጠይቃችሁ ጽፋችሁ ኑ።

በማግሥቱ የመጣው ዝርዝር ያልጠበቅነው ነበር። ማር ቁርቁራ፣ ሥጋዋ ወፍራምና ጣፋጭ። ዱቄት ቁርቁራ፣ ስትታኘክ እንደ በሶ የምትሆን፣ ደርቃ የምትቀመጥ። ኮምጣጣ ቁርቁራ፣ ጨው ነስንሰው የሚበሏት። የፍየል ቁርቁራ፣ ሰው የማይቀምሳት። አንዳንዷ ዛፍ በባለቤቷ ስም፣ አንዳንዷ በበቀለችበት ቦይ ስም ትጠራለች። አንድ ልጅ 11 ዛፎችን ለይቶ፣ የትኛዋ ቀድማ እንደምትበስል፣ የትኛዋ እንደምትጣፍጥ፣ የትኛዋ እሾህ እንደሚበዛባት አንድ በአንድ ዘርዝሮ መጣ። በክፍል ውጤቱ ከመጨረሻዎቹ አንዱ የሆነ፣ ከትምህርት መልስ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ነው። እኛ በደፈናው «እሾህ» ያልነውን እሱ በ11 ስም ያውቀዋል። በዚህ ትምህርት ከእኛና ከእሱ መምህሩ ማን ነበር?

ቅዳሜ ቡናና ስኳር ይዘን እማማ ዘንድ ሄድን። «እማማ፣ አጥፍተናል፤ ይቅር ይበሉን» አልን። ቀና ብለው አዩንና ሳቁ።

«አብሽሩ ልጆቼ፣ አብሽሩ። ውኃው ከእግሯ ሥር ነው፤ ትበቅላለች። ግቡ፣ አቦሉ አላለፈም።»

ቡናውን እየቀዱ የነገሩንን እስከ ዛሬ አንረሳውም። «ቁርቁራ ሁሉ አንድ አይደለም ልጆቼ። ይችን አማቴ ለዚህ ቤት ሲዳሩ ደርሰውባታል። በ77 ማሽላው ሲከዳን ፍሬዋን አድርቀን፣ ወቅጠን፣ ዱቄቱን ለልጆች በጥብጠን ሰጥተናል። እነዚያ ሁለቱ ከሷው ፍሬ የበቀሉ ናቸው፤ ወላሂ እንደሷ አልጣፈጡም። ትልቋን ተዉልኝ ያልኋችሁ ለዚህ ነበር።»

1977 ዓ.ም. ለወሎ ሰው እንዲህ በአጭሩ «77» ተብሎ ሲጠራ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መዘርዘር አያስፈልግም። ከ1966ቱ ረኀብ በኋላ የመጣው ያ ድርቅ ያልነካው ቤት ጥቂት ነው። እኛ በአንድ ከሰዓት በኋላ የመለመልናት ዛፍ በዚያ ዘመን ሕፃናት ያተረፈች ነበረች።

እማማ «እንደሷ አልጣፈጡም» ያሉትን ቃል ይዘን ለቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ ነገርነው። «ልክ ናቸው» አለን። ቁርቁራ አበባው ከሌላ ዛፍ አበባ ጋር በንብና በዝንብ አማካይነት ይዳቀላል። ስለዚህ ከማር ቁርቁራ ፍሬ የሚበቅለው ችግኝ እናቱ ማር ብትሆንም አባቱ የፍየል ቁርቁራ ሊሆን ይችላል። «ልጅ እናቱን ይመስላል እንጂ እናቱን አይሆንም» ሲል ገለጸልን። እኛ ይህን የዘር ውርስ ትምህርት ሁለተኛ ደረጃ ተምረነዋል፤ ተፈትነንበታል። እማማ ግን ሁለት ዛፍ አሳድገው፣ ፍሬውን ቀምሰው ደርሰውበታል።

ከዚህ የምንረዳው ትልቅ ቁም ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባል መሥሪያ ቤት አለ። ከየአገሩ ገበሬ የተሰበሰበ የማሽላ፣ የጤፍ፣ የገብስና የስንዴ ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ይጠበቅበታል። ተቋሙን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል፤ የአገር ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ፣ በገበሬው እጅም መጠበቅ አለበት ብለው የሠሩ ሰው ናቸው። ይህ ሐሳብ ለፍሬ ዛፍ ሲሆን ይበልጥ ይጠነክራል። ፍሬዋን ለቅመን ብናስቀምጥ ቁርቁራን እናተርፍ ይሆናል፤ ማር ቁርቁራን ግን አናተርፍም። የጣዕሟ ጎተራ ራሷ ዛፏ ነች። ስትቆረጥ ጎተራው ተቃጠለ ማለት ነው። የቡናም ዘር ቢሆን እንደ እህል ደርቆ በቀዝቃዛ ክፍል ለረጅም ዘመን ስለማይቆይ፣ በጅማ ዞን ጮጬ በተባለ ቦታ የቡና ዓይነቶች ተተክለው በቁማቸው ይጠበቃሉ።

እዚሁ ሀብሩ ውስጥ ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የማሽላ ዝርያዎች አንዱ «ግራና 1» ይባላል፤ ግራና የሀብሩ ቦታ ስም ነው። የማሽላችን ስም እንዲህ መዝገብ ሲገባ የቁርቁሮቻችንን ስም እኛ ያገኘነው በ58 ልጆች ደብተር ላይ ነው። በሌላ አገር ግን ይህ ዛፍ ስም አለው። በህንድ አገር የቁርቁራ እኅት የሆነውን ዛፍ ገበሬው «ጎላ»፣ «ሴብ»፣ «ኡምራን» እያለ፣ ዓይነቱን ለይቶ ተክሎ ይሸጠዋል። ከነዚህ ዓይነቶች አንዳንዶቹ ወደ ሴኔጋል፣ ማሊና ኒጀር ተወስደው በአገሬው ቁርቁራ ግንድ ላይ እየተዳቀሉ «የሳህል ፖም» ተብለው ገበያ ወጥተዋል። አንድ ሰው ጣፋጩን ከመራራው ለይቶ፣ ስም ሰጥቶ፣ ያንኑ ራሱን ስላባዛው ነው ይህ የሆነው።

ያንኑ ራሱን ማባዛት እንዴት ይቻላል? ገበሬው «የተዳቀለ ማንጎ» የሚለውን ሁላችንም እናውቃለን። ዘዴው ለቁርቁራም ይሠራል። የልማት ሠራተኛው ሰኔ መግቢያ ላይ እንድንመለስ ቀጠረን፤ ከወልድያ በሚኒባስ ሄድን። እማማ እንዳሉት ዛፏ አልሞተችም፤ ከተቆረጠው ጉቶ ሁሉ ለስላሳ አረንጓዴ ቀንበጥ አውጥታለች። ለማዳቀል የሚሻለው ከቆየ ቅርንጫፍ ይልቅ እንዲህ ያለ አዲስ ቀንበጥ መሆኑንም ያን ቀን ተማርን። ጥፋታችን ጠቀመን ለማለት ግን አንደፍርም፤ ልጆቹ አንድ ዓመት ሙሉ ፍሬዋን አጥተዋልና።

በቦዩ ዳር ፍየሎች እያመሰኩ ከተፉት ፍሬ በራሳቸው የበቀሉ፣ ውፍረታቸው እርሳስ የሚያህል የቁርቁራ ችግኞች ነበሩ። እረኛው ተማሪያችን እያንዳንዳቸውን ያውቃቸው ነበርና መራን። በእያንዳንዱ ግንድ ላይ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ቅርፊቱን ብቻ በ«ፐ» ፊደል ቅርጽ በምላጭ መሰንጠቅ ነው። ከማር ቁርቁራዋ ቀንበጥ ደግሞ፣ በቅጠሉ ብብት ያለችውን ዓይን ከቅርፊቷ ጋር ገሽልጦ ማውጣት፤ ከዚያም በተሰነጠቀው ቅርፊት ሥር አስገብቶ፣ ዓይኗን ብቻ ክፍት ትቶ፣ ከፌስታል በተቀደደ ጥብጣብ አጥብቆ ማሰር። ዓይኗ ከያዘች በኋላ ከበላይዋ ያለው ግንድ ይቆረጣል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያድገው ራሷ ማር ቁርቁራ ነው። ሥሩ የፍየል ቁርቁራ ቢሆንም ግድ የለም፤ ፍሬው የእሷ ነው።

24 አዳቀልን። እሾሁ እጃችንን ተልትሎ ጨረሰው፤ «ይበላችሁ» አሉን እማማ እየሳቁ። ከ24ቱ 9 ያዙ። ሁለቱን ፍየል በላቸው። ሰባቱ ዛሬም አሉ፤ ትልቁ ወገባችን ይደርሳል። ገና ፍሬ አልሰጡም። እናቲቱ ግን ዘንድሮ ጥር ላይ አንድ ቅርንጫፍ ሙሉ አፍርታ፣ ያቺ ከኋላ ወንበር የተነሣችው ልጅ ላይ አስተምሮ የመጣ ጓደኛችን እጅ አንድ እፍኝ ልካልናለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የቆረጥነውን ቀመስን። ማር ነው።

አቮካዶና ማንጎዎቹስ? ለሚል አንባቢ፣ ከ40ዎቹ 12 ቀርተዋል። በጋው መጣ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ የሚያጠጣ ጠፋ። ይህን የምንለው ማንጎና አቮካዶ አትትከሉ ለማለት አይደለም። መርሳ በብርቱካኗና በማንጎዋ ትኑር፤ የገበሬው ገቢ ነው። የምንለው ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነው። ያለ ጠባቂ፣ ያለ ውኃ ጣቢ፣ ያለ ኬሚካል ትውልድ የመገበውን ዛፍ ለእንግዳው ችግኝ አጥር ብለን አንጨርሰው ነው።

ወንድሞችና እኅቶች እጩ መምህራን፣ ነገ ከነገ ወዲያ በየቀበሌው እንበተናለን። የምንደርስበት ሕዝብ ለአስተማሪ እንቢ አይልም። ይህ ክብር ነው፤ ግን አደጋም አለበት፤ ዛፉንም አመሉንም ቋንቋውንም ቁረጡ ብሎ ሊሰጠን ይችላልና። ስለዚህ ከእኛ ስሕተት ተነሥተን ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በደረስንበት ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ወር ልጆቹን የአካባቢያቸውን የፍሬ ዛፎች ዓይነት በስም እናስጽፍ፤ ቁርቁራም ይሁን እንኮይ፣ ዶቅማም ይሁን ሾላ። ደብተሩ በቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ከተመዘገቡት ውስጥ ሰፈሩ በሙሉ «ይቺ ትበልጣለች» የሚላትን ለይተን፣ ከባለቤቷ አስፈቅደን፣ እዚያው ከልጆቹ ጋር እናባዛት። ለዚህ ምላጭና ቁራጭ ፌስታል ይበቃል።

በሚመጣው ሰኔ እኛ አምስታችን ወደ እማማ ግቢ እንመለሳለን። ቀንበጥ ሊሰጡን ፈቅደዋል፤ ለተቋማችን ግቢ የሚሆኑ ችግኞችንም በከረጢት አፍልተናል። መማር የሚፈልግ ሁሉ ስሙን ከዚህ ጽሑፍ ሥር ይጻፍ። እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ይዞ ይምጣ፤ እሾሁ አይምርም። ከሁሉ በፊት ግን፣ ማንኛውንም ቅርንጫፍ ከመንካቱ አስቀድሞ «ይቺ ዛፍ ስሟ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ።